ጥንታዊ የእሳተ ገሞራና የደለል አለቶች፦ ከአንድ ንጣፍ ብዙ ዕድሜ ሲወጣ የትኛው ይታመናል? አርክ (ፕሌት ከሚሰምጥበት በላይ ያለ የእሳተ ገሞራ ሰንሰለት) ነው ባክ-አርክ (ከሰንሰለቱ ጀርባ የተከፈተ ተፋሰስ)?

ባልጩት

ሰላም ለሁላችሁም። አንድ የኒዮፕሮቴሮዞይክ (ከ1000 እስከ 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ግሪንስቶን (የተለወጠ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራና የደለል አለት) ቅደም ተከተል ይዣለሁ፤ ዕድሜውንና የተፈጠረበትን የቴክቶኒክ ሁኔታ አንድ ላይ ማስታረቅ አቅቶኛል። ያለኝን ሁሉ ላስቀምጥ።

ከታች ትራስ-መሰል ላቫ ያለው ሜታባሳልት አለ። በላዩ ላይ ሁለት ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ነጣ ያለ የሪዮዳሳይት (ሲሊካ የበዛበት የእሳተ ገሞራ አለት) ንጣፍ ተቀምጧል። ከዚያ በላይ ሜታግሬይዋክ (የተለወጠ ቆሻሻ አሸዋማ የደለል አለት) ነው፤ በመካከሉ ጥቁር ስሌትና ስስ የእብነ በረድ ንብርብሮች አሉ። ሁሉንም አንድ ግራናይት ቆርጧቸው ገብቷል። የሜታሞርፊዝሙ (በሙቀትና በግፊት የመለወጡ) ደረጃ ግሪንሺስት፣ ማለትም ዝቅተኛ ነው፤ ክሎራይት፣ ኤፒዶትና አክቲኖላይት በግልጽ ይታያሉ።

የሪዮዳሳይቱ ዚርኮኖች (ዩራኒየም የያዙ፣ ዕድሜ የሚነበብባቸው ጥቃቅን የማዕድን ፍሬዎች) በሌዘር አይሲፒኤምኤስ (ፍሬውን በሌዘር ቆፍሮ አይሶቶፖቹን በሚለካ መሣሪያ) ተለክተዋል፤ የጨረሩ ስፋት 30 ማይክሮን ነው። ውጤቱ እንዲህ ነው፦ ጥቂት ክብ ክብ ያሉ ፍሬዎች 2.5 ቢሊዮን ዓመት አካባቢ፤ አብዛኞቹ 780 ሚሊዮን አካባቢ፤ ከ740 እስከ 690 ሚሊዮን ኮንኮርዲያውን (ሁለቱ የዩራኒየም ሰዓቶች የሚስማሙበትን ኩርባ) ተከትለው የተበተኑ ነጥቦች፤ በመጨረሻም 630 ላይ 3 ነጥቦች፣ የቶሪየም ለዩራኒየም ሬሾአቸው 0.03። 2.5 ቢሊዮኖቹን ትቼ የቀሩትን 30 ያህል ነጥቦች፣ ሁሉም ኮንኮርዳንት ስለሆኑ፣ አንድ ላይ ሳሰላቸው 752 ± 6 ወጣ። ኤምኤስደብሊውዲው (ብትንትኑን ከመለኪያ ስህተቱ ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) ግን 6.8 ነው። አንድ የቆየ ሪፖርት ደግሞ ለእነዚሁ እሳተ ገሞራዊ አለቶች በሙሉ አለት ሩቢዲየም-ስትሮንሺየም 610 ሚሊዮን ይሰጣል።

ባሳልቱ በቲታኒየም-ቫናዲየም ሥዕል ላይ የውቅያኖስ መካከለኛ ሸንተረር ባሳልት ይመስላል፤ በቶሪየምና ናዮቢየም ሥዕል ላይ ግን አርክ ውስጥ ይወድቃል። ናሙናዎቹ የተፈጩት በተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ነው፤ የሟሙት በአራት አሲድ ነው።

ከሜታግሬይዋኩ ዚርኮኖች በዕድሜ የመጨረሻዋ ታናሽ 668 ሚሊዮን ናት፤ የቀሩት 745ና ከዚያ በላይ ናቸው፣ ዋናው ክምችት 780 ላይ ነው።

752ን የሪዮዳሳይቱ ዕድሜ ብዬ ልጻፍ? ባሳልቱንስ ምን ልበለው? እህታችሁ።

ኮረት

እህቴ፣ 752ን አትጻፊው። በ752 ሚሊዮን ዓመት አንዳች ነገር ለመፈጠሩ ምንም ማስረጃ የለሽም፤ ቁጥሩ የተለያዩ ክስተቶች አማካይ ነው። ኤምኤስደብሊውዲው ይህንኑ ነግሮሻል። ነጥቦቹ የአንድ ዕድሜ ቢሆኑ 1 አካባቢ ይሆን ነበር፤ 30 ያህል ነጥብ ይዘሽ ከ1.5 ካለፈ ብትንትኑ በመለኪያው ስህተት ብቻ አይገለጽም።

«ሁሉም ኮንኮርዳንት ስለሆኑ» ያልሽው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዩራኒየም-238 ወደ እርሳስ-206 (ግማሽ ዕድሜው 4.468 ቢሊዮን ዓመት)፣ ዩራኒየም-235 ደግሞ ወደ እርሳስ-207 (704 ሚሊዮን ዓመት) ይለወጣሉ፤ ሁለቱ ሰዓቶች ሲስማሙ ነጥቡ ኮንኮርዲያ ላይ ያርፋል። ለ2.5 ቢሊዮን ዓመት ዚርኮን ይህ ጠንካራ ፍተሻ ነው፤ ኩርባው እዚያ ስለሚታጠፍ እርሳስ ያመለጠው ፍሬ ከኩርባው ወጥቶ ይታያል። ከ800 እስከ 600 ሚሊዮን ባለው ክፍል ግን ኩርባው ቀጥ ያለ መስመር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ780 ተፈጥሮ በ630 እርሳስ ያጣ ፍሬ ኩርባው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። በዚህ ዕድሜ የሌዘር 207/206 ስህተት በአንድ ነጥብ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ስለሚደርስ መንሸራተቱን አትለዪውም። ስለዚህ የአንቺ ከ740 እስከ 690 ያሉት ነጥቦች ኮንኮርዳንት መሆናቸው ጤነኝነታቸውን አያረጋግጥም።

እነዚህ ነጥቦች ከሁለት ነገሮች አንዱ ናቸው፤ ሁለቱንም መለየት ይቻላል።

አንደኛው እርሳስ ማጣት ነው። 206/238 ዕድሜውን ከዩራኒየም መጠን ጋር ንደፊው። ዩራኒየም ሲጨምር ዕድሜው የሚቀንስ ከሆነ የጨረር ጉዳት ክሪስታሉን አፍርሶት እርሳሱ ወጥቷል ማለት ነው። መፍትሔው ኬሚካል አብሬዥን ነው፦ ዚርኮኑን በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት ማሞቅ፣ ከዚያ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከ180 እስከ 210 ዲግሪ ለ12 ሰዓት ያህል መያዝ። የተጎዳው ክፍል ይሟሟል፤ ጤነኛው ይቀራል። ለሌዘር የምታዘጋጂ ከሆነ ዝቅ ያለውን ሙቀት ምረጪ፣ አለበለዚያ ፍሬው ተቦርቡሮ ጨረር የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የማመሳከሪያ ዚርኮኖቹም አብረው መሞቅ አለባቸው። የሞቀ ዚርኮን በሌዘር የሚቆፈርበት ፍጥነት ካልሞቀው ስለሚለይ፣ ያልሞቀ ማመሳከሪያ ዕድሜውን በመቶኛ ደረጃ ያዛባዋል። አሲዱን በተመለከተ ደግሞ የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገብ ሳይኖር ክዳን አይከፈትም።

ሁለተኛው የእምብርትና የጠርዝ ቅልቅል ነው። የሌዘሩ ጉድጓድ 30 ማይክሮን ስፋትና ከ15 እስከ 20 ማይክሮን ጥልቀት አለው። የ630ው ጠርዝ 10 ማይክሮን ቢሆን ጨረሩ ከላይ ጠርዝ፣ ከታች እምብርት ይለካል፤ 700 የሚባል በምድር ላይ ያልነበረ ዕድሜ ይወጣል። የእያንዳንዱን ነጥብ ሲግናል ከጊዜው ጋር ክፈቺው። የ206/238 መስመር በመሃል እንደ ደረጃ ከዘለለ ነጥቡ ቅልቅል ነው፤ ወይ ንጹሑን ክፍል ብቻ ቁረጪ ወይ ጣይው። የካቶዶሉሚኔሰንስ ምስል (የፍሬውን የእድገት ቀለበቶች የሚያሳየው) ከመለካትሽ በፊት ካልተነሣ አሁንም ማንሣት ይቻላል፤ ጉድጓዱ የትኛው ቀለበት ላይ እንዳረፈ ያሳያል። ጠርዙን ለብቻው መለካት ካስፈለገ ሽሪምፕ (በአዮን ጨረር የሚለካው መሣሪያ) ይሻላል፤ የሚቆፍረው ከ1 እስከ 2 ማይክሮን ብቻ ነው።

630ዎቹን በተመለከተ፣ የቶሪየም ለዩራኒየም ሬሾ ከ0.1 በታች መሆኑ የማግማ ዚርኮን አለመሆናቸውን ይጠቁማል። ነገር ግን በግሪንሺስት ደረጃ አዲስ ዚርኮን ማደጉ የተለመደ አይደለም። እኔ የምጠረጥረው ግራናይቱን ተከትሎ የመጣ ትኩስ ፈሳሽ ነው። የሩቢዲየም-ስትሮንሺየሙ 610ም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ሩቢዲየምም ስትሮንሺየምም በውሃ በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ሰዓቱ እንደገና ተነሥቷል። ያንን ቁጥር የእሳተ ገሞራው ዕድሜ ነው አትበይ፤ ግን አትጣይውም፣ የኋላውን ክስተት ግምት ይሰጣል።

2.5 ቢሊዮኖቹ ከሁሉ ይልቅ ያሳስቡኛል። መጀመሪያ የላቦራቶሪ ብክለት አለመሆናቸውን አጣሪ፦ ከአንቺ ናሙና በፊት መፍጫውና የመለያ ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለፈ ጠይቂ፣ ንጹሕ ኳርትዝ በዚያው መስመር አሳልፈሽ ዚርኮን ይገኝበት እንደሆነ ተመልከቺ። ብክለት ካልሆኑ ማግማው አሮጌ ቅርፊት አቋርጦ ወጥቷል፣ ወይም ንጣፉ ላቫ ሳይሆን ውሃ ያጠበው ቱፍ (የእሳተ ገሞራ አመድ አለት) ነው። ሁለተኛው ከሆነ 780ም ቢሆን የንጣፉ ዕድሜ መሆኑ ይቀርና ከፍተኛው ገደብ ብቻ ይሆናል። ይህን የሚፈታው በማይክሮስኮፕ የሚታየው የአለቱ ስስ ቁራጭ ነው፤ ጠርዙ የተበላ ኳርትዝና የብርጭቆ ስብርባሪ ቅርጽ ካየሽ ከእሳተ ገሞራ በቀጥታ የመጣ ነው፣ የተጠጋጉ ፍሬዎችና የደለል ረድፍ ካየሽ የታጠበ ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ 780ዎቹ ብቻ ሲቀሩ አማካዩን በ206/238 አስይ። ሶፍትዌሩ ± 3 ቢሰጥሽም እንዳለ አትጻፊው። የሌዘር ስልታዊ ስህተት ከ1 እስከ 2 በመቶ ስለሆነ በ780 ላይ ከ8 እስከ 15 ሚሊዮን ዓመት ይጨመራል። ማመሳከሪያ ዚርኮኖቹ ፕሌሾቪትሴ (337.1 ሚሊዮን ዓመት) ወይም ቴሞራ-2 (416.8) እንደማይታወቅ ናሙና ተለክተው ትክክለኛ ዕድሜያቸውን መስጠታቸውንም አብረሽ አሳዪ። ከዚህ የጠበቀ ካስፈለገሽ ከ5 እስከ 8 የተመረጡ ፍሬዎች በቲምስ (ፍሬውን አሟምቶ በከፍተኛ ጥራት በሚለካው ዘዴ) ይለኩ፤ 0.1 በመቶ ይደርሳል።

ጥቁርድንጋይ

ዕድሜውን ኮረት ስለያዘው እኔ ኬሚስትሪው ላይ ልግባ።

ከሥዕሉ በፊት ዱቄቱ። የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ተንግስተንና ኮባልት እንደሚጨምር ሁሉም ያውቃል፤ ታንታለም እንደሚጨምር፣ ጥቂት ናዮቢየምም ሊያክል እንደሚችል ግን ይዘነጋል። የአርክ ባሳልት ዋና ምልክቱ የናዮቢየምና የታንታለም ጉድለት ስለሆነ ወፍጮው የምትፈልጊውን ጉድለት ይሞላብሻል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ የናዮቢየም ለታንታለም ሬሾ በባሳልት 17 አካባቢ መሆን አለበት። 8 ወይም 10 ካየሽ ታንታለሙ የወፍጮው ነው፤ ታንታለም የገባበትን ሥዕል ሁሉ ተዪ። ቢቻል ከቀሪው ስባሪ 50 ግራም ያህል በአጌት ወፍጮ እንደገና ይፈጭ።

አራት አሲዱ ባሳልቱን እምብዛም አይጎዳውም፤ ሪዮዳሳይቱን ግን ያበላሻል። ዚርኮን በዚያ አሲድ በሚገባ ስለማይሟሟ ዚርኮኒየም፣ ሃፍኒየምና ከባዶቹ ሬር ኧርዞች ዝቅ ብለው ይወጣሉ። የዚርኮኒየም ለሃፍኒየም ሬሾ ጤነኛ መስሎ ይታያል፣ ሁለቱም እዚያው ዚርኮን ውስጥ ስለቀሩ፤ ስለዚህ በእሱ አትተማመኚ። ዚርኮኒየሙን ከኤክስሬይ ፍሎረሰንስ ውጤት ጋር አስተያዪ፣ ወይም በሊቲየም ቦሬት አቅልጠሽ አስደግሚ።

ግሪንሺስት የደረሰ አለት ላይ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሩቢዲየም፣ ባሪየምና ስትሮንሺየም ከቦታቸው ሊነቃነቁ ስለሚችሉ አይታመኑም። የአልካሊና የሲሊካ ሥዕል ለዚህ አለት አይሠራም፤ ስሙን በዚርኮኒየም/ቲታኒየምና በናዮቢየም/ኢትሪየም ስጪው። የትኛው ንጥረ ነገር እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ እያንዳንዱን ከዚርኮኒየም ጋር ንደፊ፤ በሥርዓት አብሮ የሚወጣው ይታመናል፣ እንደ ዶፍ የተበተነው አይታመንም። ናሙና ስትወስጂ ከትራሱ መሃል እንጂ ከመስታወታማው ቅርፊቱ አትውሰጂ፤ ካልሳይትና ኤፒዶት የሞላቸውን የአረፋ ቀዳዳዎችና ደም ሥሮች አስወግጂ።

አሁን ወደ ቅራኔው። ሁለቱ ሥዕሎች የሚጠይቁት ጥያቄ ስለሚለያይ ቅራኔ ላይሆን ይችላል። ቲታኒየም ለቫናዲየም የማግማውን ኦክሲጅን ሁኔታና የማንትሉን የመቅለጥ መጠን ያያል፤ ከ20 በታች አርክ፣ ከ20 እስከ 50 የውቅያኖስ ሸንተረርም የባክ-አርክ ተፋሰስም ነው። ቶሪየም/ኢተርቢየም ከናዮቢየም/ኢተርቢየም ጋር ሲነደፍ ግን የሚያየው ከሚሰምጠው ፕሌት የመጣውን ቶሪየም ነው። ሸንተረር የሚመስል ቲታኒየም-ቫናዲየም ከቶሪየም ጭማሪ ጋር ሲመጣ የመጀመሪያው ግምት ባክ-አርክ ነው።

የመጀመሪያው ያልሁት በምክንያት ነው። ማግማው አሮጌ አህጉራዊ ቅርፊት ቢበላም ቶሪየም ይጨምራል፣ ሰብዳክሽን (የፕሌት መስመጥ) ሳይኖር አርክ ይመስላል። የአንቺ 2.5 ቢሊዮን ዚርኮኖች ይህን ጥርጣሬ በቀጥታ ይቀሰቅሱታል። የሚለየው ኒዮዲሚየም ነው። ከ6 እስከ 8 ባሳልቶች መርጠሽ ኤፕሲሎን ኒዮዲሚየምን (ማግማው ከማንትል ወይስ ከአሮጌ ቅርፊት እንደመጣ የሚጠቁም የአይሶቶፕ ቁጥር) በ780 ሚሊዮን አስይ፣ ከቶሪየም/ናዮቢየም ጋር ንደፊው። ቶሪየም/ናዮቢየም ሲጨምር ኤፕሲሎኑ የሚወርድ ከሆነ ቅርፊት ተበልቷል። ቶሪየም/ናዮቢየም ቢለዋወጥም ኤፕሲሎኑ ከ+5 በላይ ሳይነቃነቅ ከቀጠለ ቶሪየሙ ከሚሰምጠው ፕሌት ነው፤ አሮጌ ቅርፊትም ሥሩ የለም ማለት ነው። ያኔ 2.5 ቢሊዮኖቹ በደለል ወይም በብክለት መምጣታቸው ይጠነክራል። የዓረብ-ኑቢያ ጋሻ (በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ጥንታዊ የአለት መሠረት) አብዛኛው ክፍል ይህን ሁለተኛውን መልክ ነው የሚያሳየው፤ አልፎ አልፎ አሮጌ ዚርኮን ቢገኝበትም የኒዮዲሚየሙ ፊርማ የአዲስ ቅርፊት ነው።

ባልጩት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የናዮቢየም ለታንታለም ሬሾዬን አሁን አየሁት፣ ከ9 እስከ 11 ነው፤ ታንታለሙን አውጥቼዋለሁ። የ206/238 ሲግናሉን ስከፍት ከ740 በታች ካሉት ግማሽ ያህሉ ደረጃ አላቸው። ግሬይዋኩ ላይስ? 668ን የደለሉ ዕድሜ ልበለው?

ደለል

አትበዪው፤ እዚህ ያለው አደጋ ከዕድሜ ስህተት ያለፈ ነው።

አንድ ፍሬ ብቻውን የደለል ዕድሜ አይወስንም። ኮረት የዘረዘራቸው እርሳስ ማጣትና ቅልቅል እዚህም አሉ፤ ከብዙ ፍሬዎች መካከል በጣም ታናሹን ስትመርጪ ደግሞ በጣም የተጎዳውን የመምረጥ ዕድልሽ ከፍተኛ ነው። ጠንቃቃው አሠራር በሁለት ሲግማ (በ95 በመቶ ገደማ የስህተት ወሰን) የሚደራረቡ ቢያንስ 3 ታናናሽ ፍሬዎችን መፈለግ ነው። 745 ላይ ሦስት ካሉሽ «ደለሉ ከ745 አይበልጥም» በይ፤ ይህ ከፍተኛው የመደለል ዕድሜ ነው፣ የመደለያው ጊዜ ራሱ ግን ከዚያ ብዙ ሊያንስ ይችላል። የ668ቷን ፍሬ አታጥፊያት። በዚያችው ፍሬ ላይ ሁለተኛ ነጥብ ይተኮስ፤ ካልደገመች ትወድቃለች፣ ከደገመች ነቅለሽ ወደ ቲምስ ላኪያት።

አሁን አደጋው ያለው እዚህ ነው። የደለል ዚርኮን ዕድሜዎች ተፋሰሱ የት እንደነበር ይናገራሉ፦ በአርክ አጠገብ ያለ ተፋሰስ ገና የተፈጠረ ዚርኮን ይቀበላል፣ የተረጋጋ የአህጉር ዳር ግን ከመደለሉ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመት የሚበልጡ ፍሬዎችን ይሰበስባል። የተለመደው መለኪያ፣ ከታናሹ ሲቆጠር 30 በመቶው ፍሬ ከመደለያ ዕድሜው በ100 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከወደቀ ሰብዳክሽን ያለበት ዳር ነው ይላል። ደለሉን 745 ብትዪው ዋናው የ780 ክምችት በ35 ሚሊዮን ይበልጠዋል፣ አርክ ይሆናል። 668 ብትዪው ልዩነቱ 112 ሚሊዮን ይሆንና ያው ደለል፣ ያው ቁጥር፣ ከአርክ ምድብ ይወጣል። አንዲት እርሳስ ያፈሰሰች ፍሬ የቴክቶኒክ ትርጓሜሽን ትገለብጣለች። ስለዚህ ይህን መለኪያ የመደለያ ዕድሜው ሳይታሰር አትጠቀሚበት።

የፍሬዎቹን ቁጥርም ተመልከቺ። ከጠቅላላው 5 በመቶ የሆነ ቡድን እንዳያመልጥሽ 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 117 ፍሬ ያስፈልጋል። ስትለቅሚ የሚያምሩትን ጥርት ያሉ ረጃጅሞች ብቻ ከመረጥሽ ቅርብ አርክ የሌለበትን አርክ ታደርጊዋለሽ፤ የተገኘውን ሁሉ በወረፋ አፍስሺው። በማግኔት መለያው ላይም የኤሌክትሪክ ጅረቱን አብዝተሽ አትጨምሪ፣ ዩራኒየም የበዛባቸው ፍሬዎች ከነዕድሜያቸው ይቀራሉ።

ታናሹን ገደብ ለመያዝ ጥቁሩ ስሌት ይጠቅማል። ካርቦኑ ከበቃ ሬኒየም-ኦስሚየም የመደለያውን ጊዜ በቀጥታ ይሰጣል (የሬኒየም-187 ግማሽ ዕድሜ 41.6 ቢሊዮን ዓመት ነው)። ከአንድ ንብርብር አግድም የተወሰዱ በርካታ ናሙናዎች፣ እያንዳንዳቸው ከ20 ግራም በላይ፣ ፒራይት ደም ሥር የሌለባቸው ይሁኑ። ላይ ላዩ በዝናብና በአየር የበሰበሰ ስሌት አይሆንም፣ ሬኒየሙ ታጥቧል፤ ከቁፋሮ የወጣ ዘንግ ካለ እሱ ይቅደም። ግራናይቱ አጠገብ ካለውም ራቂ።

እብነ በረዱ ዚርኮን ባይሰጥም የስትሮንሺየም 87/86 ሬሾ ይሰጣል። የባሕር ውሃው ሬሾ በኒዮፕሮቴሮዞይክ ከ0.7055 አካባቢ ተነሥቶ ወደ መጨረሻው 0.7085 ገደማ ስለወጣ ዝቅተኛ ቁጥር ማግኘት ብዙ ይናገራል። ለውጥ የደረሰበት ኖራ አብዛኛውን ጊዜ ሬሾው ከፍ ስለሚል ዝቅተኛው ናሙና ለባሕሩ ይቀርባል። ማንጋኒዝ የበዛበትንና ስትሮንሺየም ያነሰበትን ጣይ። ዱቄቱን መጀመሪያ በአሞኒየም አሲቴት እጠቢው፣ ከሸክላው የሚመጣው ስትሮንሺየም ይወጣል፤ ከዚያ በቀጭን አሴቲክ አሲድ አሟሚ። ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ ከተጠቀምሽ ሸክላውንም ታሟሚያለሽ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በኖራው መካከል ስስ ቱፍ መፈለግ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የታምቤን ደለሎች ከስተርቲያን የበረዶ ዘመን መጀመሪያ፣ ማለትም ከ717 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ጋር የታሰሩት ከበረዶው ደለል በታች ባሉ እንዲህ ዓይነት ቱፎች ዚርኮን ነው።

አንድ ነገር ይቅደም ግን፦ «ከታች» እና «በላይ» ያልሽው በምን ተረጋገጠ? በታጠፈ ግሪንስቶን ውስጥ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ መገኘቱ የተለመደ ነው። የላቫው ትራሶች ሆዳቸው ወደ ላይ፣ ሹል ጭራቸው ወደ ታች መሆኑን፣ በግሬይዋኩም ሻካራው አሸዋ ከሥር፣ ደቃቁ ከላይ መሆኑን ቢያንስ በሁለት ሦስት ቦታ ለክተሽ ያዢ።

ባልጩት

የግሬይዋኩ ረድፍ ወደ ላይ መሆኑን ሁለት ቦታ ይዣለሁ፤ ትራሶቹን እመለስባቸዋለሁ። በቀረችኝ ገንዘብ አንድ ተጨማሪ ዕድሜ ብቻ ማሠራት እችላለሁ። ግራናይቱን ወይስ ስሌቱን?

ኮረት

ግራናይቱን። ስሌቱ ሊከሽፍ ይችላል፣ ግራናይት ግን ዚርኮን አያሳጣም፤ ደግሞም የ630ው ጠርዝና የ610ው የሩቢዲየም-ስትሮንሺየም ዕድሜ የማን እንደሆኑ የሚመልሰው እሱ ነው። ከ3 እስከ 5 ኪሎ ትኩስ አለት ይበቃል። ዩራኒየም የበዛበት ግራናይት ከሆነ ዚርኮኑ ቡናማና የደፈረሰ ይሆናል፤ ጥርት ያሉትን ጫፎች ለኪ፣ የእምብርቱ ዕድሜ ከታች ከቀለጠው አለት የተወረሰ ሊሆን ይችላል።

ከመላክሽ በፊት ግን ቆርጦ መግባቱን ራሱን መርምሪ። ድንበሩ ላይ ደቃቅ የሆነ የበረደ ጠርዝ፣ የግሬይዋክ ስባሪ በግራናይቱ ውስጥ፣ ወይም በስሌቱ ላይ ኮርዲየራይት ወይም አንዳሉሳይት ነጠብጣብ ካለ ገብቷል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለና ድንበሩ የተፈጨና የተለጠጠ ከሆነ ሁለቱ በፎልት የተጋጠሙ ናቸው፤ ያኔ የግራናይቱ ዕድሜ ለግሬይዋኩ ምንም ገደብ አይሆንም፣ ገንዘቡም ወደ ስሌቱ ይሂድ።